ድስቱ ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው? ፊዚካዊና ኬሚካዊ ለውጥን የመለየት ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው ነው። በረዶ ሲቀልጥ ፊዚካዊ ለውጥ፣ እንጨት ሲነድ ኬሚካዊ ለውጥ ይባላል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው መካከል መስመር ያሰምርና አንዱን በስተግራ፣ ሌላውን በስተቀኝ ይጽፋል። ተማሪው ሰንጠረዡን ገልብጦ ያጠናል። ምልክቶቹንም በቃሉ ይይዛል፤ ቀለም ከተለወጠ፣ አረፋ ከወጣ፣ ሙቀት ከተሰማ፣ ወደ ቀድሞው መመለስ ካልተቻለ ለውጡ ኬሚካዊ ነው ይላል።

ማሳየት የምፈልገው ያ መስመር ተፈጥሮ ራሷ አስምራ ያስረከበችን አለመሆኑን ነው። ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል፤ አስምረው አጥፍተውታል፤ እንደገናም አስምረውታል። ምልክቶቹ ምስክሮች እንጂ ዳኞች አይደሉም። ዳኛው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለውጡ ካለፈ በኋላ በእጃችን የቀረው ያው ቁስ ነው ወይስ ሌላ ቁስ? ይህ ጥያቄ እንዴት እንደ ተወለደና ለምን ዛሬም በየቤታችን እንደሚያስፈልገን በአጭሩ እተርካለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃል የሚለየውና የማይለየው

ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር። አማርኛ በአንድ በኩል እጅግ ጠንቃቃ ነው። ቅቤ በእሳት «ይቀልጣል»፤ ስኳር በውኃ «ይሟሟል»። ሁለቱን የሚያምታታ የቤት እመቤት የለችም። የመጀመሪያው ሙቀት ብቻ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሌላ ፈሳሽ ይፈልጋል። ቋንቋው ይህን ልዩነት የያዘው ኬሚስት ሳይነግረው ነው።

በሌላ በኩል ግን ያው ቋንቋ ወተት «ረጋ»፣ ደም «ረጋ»፣ የቀለጠ ቅቤም «ረጋ» ይላል። ሦስቱንም በአንድ ግሥ ያስራቸዋል፤ ለዓይን ሦስቱም ፈሳሽ የነበረው ጠጠር ማለቱ ነውና። ነገር ግን ወተት ሲረጋ በውስጡ የነበረው የወተት ስኳር በጥቃቅን ሕያዋን ሥራ ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጧል፤ እርጎውን መልሶ ወተት የሚያደርግ የለም። ደም ሲረጋም አዲስ የፕሮቲን መረብ ተሠርቷል። የቅቤው መርጋት ግን ሙቀት ማጣት ብቻ ነው፤ ምድጃው አጠገብ ቢያስቀምጡት ተመልሶ ይቀልጣል። እርጎው ተንጦ ቅቤ ሲወጣም አዲስ ቁስ አልተፈጠረም፤ ተበትኖ የነበረው ስብ ተሰባሰበ እንጂ። አንዲት እናት ከወተት እስከ ቅቤ በምትሠራው ሥራ ውስጥ ሁለቱም የለውጥ ዓይነቶች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ቃሉና ዓይኑ ግን ብቻቸውን አይለዩዋቸውም። የሳይንስ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ችግር ነው።

ስንዴና ገብስ፣ ወርቅና ቀለም

ችግሩን አጥርቶ ካስቀመጡት ቀደምት አሳቢዎች አንዱ አሪስቶትል ነው። ስለ መፈጠርና ስለ መጥፋት በጻፈው መጽሐፍ፣ ስንዴና ገብስ በአንድ ቁና ቢቀላቀሉ በእርግጥ ተዋሕደዋልን ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አልተዋሐዱም የሚል ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ራሱን እንደ ቻለ አለ፤ ለእኛ አንድ ቢመስልም በዓይኑ ስለት በአፈ ታሪክ ለታወቀው ለሊንክዩስ ግን ተለያይቶ ይታየዋል። እውነተኛ ውሕደት የሚባለው የትኛውም ቅንጣት እንደ ጠቅላላው ሲሆን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ተጠይቋል፤ ነገር ግን መልሱ የተንጠለጠለው በተመልካቹ ዓይን ስለት ላይ ነው። የማንም ዓይን ሊደርስበት በማይችለው ድብልቅ ላይ ማን ይፍረድ?

ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኢብን ሲና፣ 980–1037፣ ጥያቄውን ወደ ብረታ ብረት አመጣው። በዘመኑ አልኬሚስቶች መዳብን አንጽተው ብር፣ አቅልመው ወርቅ ማስመሰል ይችሉ ነበር። ኢብን ሲና ይህን ችሎታቸውን አልካደም፤ ጥበባቸው ብዙዎችን ሊያታልል እንደሚችልም ተቀብሏል። ነገር ግን የተለወጠው መልኩ ነው፤ ባሕርይው ያው ነው አለ። ቀለም የለውጥ ዳኛ ሊሆን አይችልም ማለቱ ነበር። ይህን ከአንጥረኛ ቤት ማየት ይቻላል። ብረት በወናፍ ሲግል ቀልቶ ይታያል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ያው ብረት ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ ቢዝግም ይቀላል። አንዱ መቅላት ብረቱን አልነካውም፤ ሌላው በልቶታል።

የመቶ አንድ ቀን ድስት

ዓይን ካልበቃ ምን ይተካው? መልሱ የመጣው ከሚዛን ነው፤ ሚዛን እንኳ ጥያቄውን ካላወቁበት እንደሚያሳስት ግን የቫን ሄልሞንት ታሪክ ያሳያል። ይህ የብራስልስ ሐኪም 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር በበርሜል ሞልቶ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ዛፍ ተከለ። ከ5 ዓመት በኋላ ዛፏ 169 ፓውንድ ያህል መዘነች፤ አፈሩ ግን የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር። የጨመረባት ውኃ ብቻ ነውና፣ እንጨቱም ቅርፊቱም ሥሩም ከውኃ ተለወጠ ሲል ደመደመ። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 ነው። አመዛዘኑ ጥሩ ነበር፤ አየሩን ግን በሚዛኑ ላይ አላስቀመጠውም።

ውኃ ወደ ጠጣር ቁስ ይለወጣል የሚለው እምነት በየማእድ ቤቱ ምስክር ነበረው። የተጣራ ውኃ እንኳ ደጋግሞ ቢፈላ በዕቃው ውስጥ አፈር የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ታዲያ ውኃው አፈር ሆነ ማለት አይደለምን? አንቷን ላቮዋዚዬ ክርክሩን ለመቁረጥ ከጥቅምት 1768 እስከ የካቲት 1769 ለ101 ቀናት ውኃ በመስታወት ዕቃ አፈላ። ዕቃው እንፋሎቱ ተመልሶ ወደ ውስጥ የሚንጠባጠብበት፣ አንዳች ነገር የማያስወጣና የማያስገባ ነበር። በመጀመሪያ ዕቃውን ባዶውን፣ ቀጥሎም ከነውኃው መዘነ።

በመጨረሻ የጠቅላላው ክብደት አልተለወጠም፤ ዝቃጩ ግን ነበረ። ባዶው ዕቃ ሲመዘን 17 ግሬን ያህል ጎድሎ ተገኘ፤ የዝቃጩም ክብደት ከዚህ ብዙም አይርቅም። አፈሩ የመጣው ከውኃው ሳይሆን ከመስታወቱ ነበር። የስዊድኑ ሼሌም በሌላ መንገድ፣ የዝቃጩን ምንነት በመመርመር፣ ወደዚሁ መደምደሚያ ደረሰ።

በዚህ ሙከራ ላይ የምቆየው የታሪኩ ማጠፊያ ስለሆነ ነው። ላቮዋዚዬ ውኃው ምን መሰለ ብሎ አልጠየቀም፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከመልክ ወደ ሒሳብ ተሻገረ።

የእኛም የውኃ ማፍያ ከዚያ መስታወት ያላነሰ አስተማሪ ነው። የጉድጓድ ውኃ በሚፈላባቸው አካባቢዎች በማፍያው ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ውኃው ሲፈላና ሲተን ለውጡ ፊዚካዊ ነው፤ ክዳኑ ላይ የሚንጠባጠበው ያው ውኃ ነው። ነጩ ቅርፊት ግን በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ በውኃው ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ባይካርቦኔት በሙቀት ሲፈርስ የተፈጠረ ነው። በአንድ ማፍያ፣ በአንድ እሳት፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ለውጦች ይካሄዳሉ። «ውኃ ማፍላት የትኛው ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «የየትኛው ውኃ?» ብሎ ቢመልስ፣ ሙሉ ማርክ ይገባዋል እላለሁ።

አረፋውንም ተመልከቱ። ውኃ ሲፈላ አረፋ ይወጣል፤ የአምቦ ውኃ ሲከፈት አረፋ ይወጣል፤ በነጩ ቅርፊት ላይ ሎሚ ሲጨመቅም አረፋ ይወጣል። የመጀመሪያው ውኃው ራሱ እንፋሎት ሲሆን ነው። ሁለተኛው በግፊት ታምቆ የነበረ ጋዝ ሲያመልጥ ነው። ሦስተኛው ብቻ አሲዱ ካርቦኔቱን አፍርሶ አዲስ ጋዝ ሲያወጣ ነው። ምልክቱ አንድ፣ ነገሩ ሦስት።

መመለስና አለመመለስ

በክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚታመነው ምልክት «ፊዚካዊ ለውጥ ይመለሳል፤ ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም» የሚለው ነው። ታሪኩ ግን ይህንን ገና ከጅምሩ ያፈርሰዋል። ላቮዋዚዬ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ፣ ሜርኩሪን ከአየር ጋር ዘግቶ ለ12 ቀናት እንዳሞቀ ይተርካል። በላዩ ላይ ቀይ ቅንጣቶች ወጡበት፤ ከአየሩም የተወሰነው ጎደለ። ቀዩን ዱቄት ሰብስቦ በበለጠ ሙቀት ሲያግለው ሜርኩሪው ተመልሶ መጣ፤ የጎደለውም አየር፣ ዛሬ ኦክስጅን የምንለው፣ ተመልሶ ወጣ። ዘመናዊው ኬሚስትሪ የተመሠረተበት ይህ ሙከራ የሚመለስ ኬሚካዊ ለውጥ ነው።

በኪሳችን ያለው ስልክ ባትሪውም ሌሊት ተሞልቶ ቀን የሚራገፍ፣ የሚመለስ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ከዚያም የሚቀርብ አለ። አሁን በምንተነፍስበት ቅጽበት በደማችን ያለው ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ይይዛል፤ በጡንቻና በአንጎል ይለቀዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ ኬሚካዊ ነው፤ ባይመለስ ኖሮ ሁለተኛ እስትንፋስ ባልኖረን። በአንጻሩ ገበቴ ቢሰነጠቅ ለውጡ ፊዚካዊ ነው፤ እንደ ነበረ የሚመልሰው ግን የለም።

የኬሚስቶች ሙግት

ሚዛኑ ከገባ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ከናፖሊዮን ጋር በ1798 ወደ ግብፅ ከዘመቱት ሊቃውንት አንዱ ነበር። በዚያ በናትሮን ሐይቆች ዳርቻ ሶዳ ተጋግሮ አየ። በቤተ ሙከራ የሚታወቀው ለውጥ ከሶዳ ወደ ገበታ ጨውና ወደ ኖራ ድንጋይ የሚሄድ ነበር፤ በሐይቁ ዳርቻ ግን ጨውና ኖራ ድንጋይ ሶዳ ሰጥተው ነበር። ቤርቶሌ የቁሶቹ ብዛት የለውጡን አቅጣጫ ሊገለብጥ እንደሚችል ከዚህ ተረዳ። ከዚያም አልፎ ሟሟት፣ የብረታ ብረት ቅይጥና መስታወት ሁሉ ኬሚካዊ ውሕደት ናቸው፤ የውሕደት መጠንም እንደ ሁኔታው ይለያያል ሲል ተከራከረ።

በስፔን ያስተምር የነበረው ፈረንሳዊው ጆዜፍ ፕሩስት ይህን አልተቀበለም። የመዳብ ካርቦኔትን ከተፈጥሮ አመጣ፤ በቤተ ሙከራም ሠራ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መጠን አሳዩት። እውነተኛ ውሁድ መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ጨው በውኃ ግን እንደ ፈቀድን በዝቶም አንሶም ይሟሟልና ውሁድ አይደለም አለ። ሙግቱ ለዓመታት ዘለቀ፤ ዳልተን በ1808 የአቶም ንድፈ ሐሳቡን በመጽሐፍ ሲያወጣም ሚዛኑ ወደ ፕሩስት አዘነበለ። ዛሬ በሰሌዳው ላይ «ድብልቅ» እና «ውሁድ» ብለን የምንለያቸው በዚህ ሙግት አሸናፊ መስፈርት ነው።

ቤርቶሌም ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። የብዛት ኃይል ያለው ነገር ኋላ የኬሚካዊ ሚዛናዊነት ትምህርት መሠረት ሆነ። መጠናቸው በትክክል ያልተወሰነ ጠጣር ውሁዶችም በኋላ ተገኝተው በእርሱ ስም «ቤርቶላይድ» ተባሉ።

ጨው ሲሟሟ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ጨው በውኃ ሲሟሟ የትኛው ለውጥ ነው? የአፍዴራን ጨው አምራቾች ብንጠይቅ መልሱ ቀላል ይመስላል። የሐይቁን ውኃ በገንዳ ይዘረጉታል፤ ፀሐይ ውኃውን ታተናለች፤ ጨው ይቀራል። የነበረው ተመለሰ።

በ1884 ወጣቱ ስቫንቴ አሬንየስ በኡፕሳላ ስለ ሟሟቶችና ስለ ኤሌክትሪክ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በዝቅተኛ ውጤት ነበር ያለፈው። ሐሳቡን አሟልቶ በ1887 ሲያሳትም፣ ጨው በውኃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ሳይነካውም እንኳ ወደ ተሞሉ ቅንጣቶች፣ ማለትም ወደ አዮኖች፣ ይለያያል አለ። ሜንዴሌዬቭ ተቃወመው፤ ለእርሱ መሟሟት የሟሚው ቁስና የውኃው ኬሚካዊ መያያዝ ነበር። አሬንየስ በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዛሬ የምናስተምረው ግን የሁለቱንም እውነት አጣምሮ ነው፤ ጨው ወደ አዮኖች ይለያያል፤ እያንዳንዱን አዮን ደግሞ የውኃ ሞለኪውሎች ይከቡታል።

ታዲያ «የነበረው ተመለሰ» ማለት እንችላለን? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሩድ ሠሪዎች ሶዲየም ናይትሬትንና ፖታሲየም ክሎራይድን በሙቅ ውኃ አሟሙተው የገበታ ጨውና ፖታሲየም ናይትሬት ያወጡ ነበር። ሁለት ጨዎች ገቡ፤ ሌሎች ሁለት ጨዎች ወጡ። ይህ የሚሆነው በውኃው ውስጥ ጥንዶቹ ተፋትተው ስለሚኖሩ ነው። ከአፍዴራ ገንዳ የሚሰበሰበውም ያው ዓይነት ጨው ነው እንጂ፣ ያው ሶዲየም ከያው ክሎሪን ጋር ተመልሶ የተጣመረበት አይደለም።

ስኳር ሲሟሟ ሞለኪውሉ እንዳለ ይኖራልና ፊዚካዊ ማለቱ አያከራክርም። ጨውንም የመማሪያ መጻሕፍት በዚሁ ረድፍ ማስቀመጣቸውን ለጀማሪ የሚጠቅም ስምምነት አድርጌ እቀበለዋለሁ። ስምምነት መሆኑ ግን ይነገር። በአዮኖቹ መለያየት ምክንያት «ኬሚካዊ ነው» ብሎ የሚከራከር ተማሪ ቢገኝ፣ ከአሬንየስና ከሜንዴሌዬቭ ጎን ቆሟልና ቀይ መስመር አይገባውም።

ሻማና ቡና

ማይክል ፋራዴይ በለንደን ለወጣቶች በሚሰጠው የገና ትምህርት አንዲት ሻማ መርጦ ስለ እርሷ ብቻ ተናገረ፤ ትምህርቱም በ1861 በመጽሐፍ ወጣ። ሰሙ ቀለጠ፤ በክሩ ወደ ላይ ተሳበ፤ ተነነ። እስከዚህ ድረስ ያው ሰም ነው። ፋራዴይ ይህን ያሳየው ከነበልባሉ እምብርት በመስታወት ቱቦ ተኑን አውጥቶ በቱቦው ጫፍ ላይ በማቀጣጠል ነበር። ከዚያ በኋላ ከነበልባሉ በላይ ቀዝቃዛ ዕቃ ሲይዝ ውኃ ተጠራቀመ። በሰሙ ውስጥ ውኃ አልነበረም፤ አሁን ግን አለ። ድንበሩ የታለፈው እዚያ ነው።

እኛም በቡናችን ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። ሲታጠብ ያው ፍሬ ነው። ሲቆላ ይጠቁራል፤ ጥሬው ፍሬ ያልነበረው መዓዛ ይወለዳል፤ አዳዲስ ቁሶች ተፈጥረዋልና ኬሚካዊ ነው። ሲወቀጥ ደቀቀ እንጂ አልተለወጠም። በጀበና ሲፈላ በዋናነት የሚሟሟው ሟሟ፤ ያልሟሟው አተላ ሆኖ ቀረ። «ቡና ማፍላት ፊዚካዊ ነው ወይስ ኬሚካዊ?» ብሎ በአንድ ቃል መጠየቅ ግን የሥራውን ሰንሰለት መበጠስ ነው። ለእያንዳንዱ እርከን ለየብቻ መጠየቅ ያሻል።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ ባልወሰድኩባችሁ። ሦስት ምሳሌዎች ላቅርብ።

አንደኛው የስምጥ ሸለቆ ውኃ ነው። በብዙ አካባቢዎች የጉድጓዱ ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሟሟ ፍሎራይድ በብዛት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ጥርስን ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛና ሲከርም አጥንትን ይጎዳል። «ውኃችሁን አፍሉ» የሚለው ምክር ለተሕዋስያን መድኃኒት ነው። ለፍሎራይድ ግን አይሠራም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል፤ እንዲያውም በቀሪው ውኃ ይከማቻል። ፍሎራይድን የሚይዘው ለምሳሌ በአጥንት ከሰል ማጣራት ነው፤ በዚያ ፍሎራይዱ ከአጥንቱ ማዕድን ጋር ኬሚካዊ ትስስር ይፈጥራል። ላቮዋዚዬ በድስቱ ላይ የጠየቀው ጥያቄ እዚህ የሕፃናት ጥርስ ጥያቄ ሆነ።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ጭሱ አልቆ የቀላ ፍም ለዓይን የጋለ ብረት ይመስላል፤ ሙቀት ብቻ የሚሰጥ፣ ጸጥ ያለ። ጭስ የለም፤ ሽታ የለም፤ ምልክት የለም። ነገር ግን ከሰሉ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ነው፤ አየር ሲያንስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዝበት ኃይል ከኦክስጅን በ200 እጥፍና ከዚያ በላይ ይበልጣል። በብርድ ሌሊት መስኮትና በር ዘግተው ፍም አጠገብ የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት ለዚህ ነው። ምልክት አለመኖሩ ለውጥ አለመኖሩን አያሳይም።

ሦስተኛው በረኪና ነው። ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ቀጠነ እንጂ ሌላ አልሆነም። ከአሲድ ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ግን ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። «መቀላቀል» የሚለው አንድ ግሥ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይሸፍናቸዋል፤ «ረጋ» ወተቱንና ቅቤውን እንደ ሸፈነ።

ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎች፣ በተለይም ነገ መምህራን የምትሆኑ፤ ሰንጠረዡን አትጣሉት። ለጀማሪ እንደ ምርኩዝ ያገለግላል። ነገር ግን ምልክቶቹን ከማስጠናታችሁ በፊት ጥያቄውን አስተምሩ፦ ምን ገባ? ምን ወጣ? የቀረው ያው ነው ወይስ ሌላ? አሪስቶትል በስንዴና በገብስ፣ ላቮዋዚዬ በ101 ቀን ድስት፣ ፋራዴይ በአንዲት ሻማ የፈለጉት ይህንኑ ነበር። አንዳቸውም ከእኛ ማእድ ቤት የተለየ ድንቅ ዕቃ አላስፈለጋቸውም፤ ከላቮዋዚዬ ጥሩ ሚዛን በቀር።

ሰሌዳው ላይ መስመሩን ስታሰምሩም ጥቂት ነገሮችን በራሱ በመስመሩ ላይ ተዉአቸው፤ የሚሟሟውን ጨው፣ የሚፈላውን የጉድጓድ ውኃ። ተማሪው የሚከራከርበት ነገር ያገኛል፤ ኬሚስትሪም እዚህ የደረሰችው በክርክር ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።